ረጅም ቀመርና የተሸፈነ ሠንጠረዥ፤ በትምህርት ቤት የውጤት አያያዝ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ምርመራ

በትምህርት ዘመን ማብቂያ የክፍል ኃላፊ መምህር ከሚያከናውናቸው ተግባሮች መካከል የተማሪዎችን ውጤት አጠናቅሮ በሮስተር ላይ እንደ ማስፈር ያለ አድካሚና ኃላፊነት የተመላበት ሥራ እንደሌለ በመምህርነት የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። በወረቀት ሮስተር ሥራው ረጅም ቢሆንም ግልጽ ነበር። የየትምህርቱ ውጤት በየረድፉ ይሰፍራል፤ ድምሩ ከጎኑ ይጻፋል፤ አማካዩ ይሰላል፤ ደረጃው ይወጣል። ከዚያም ሁለት መምህራን ተቀምጠው አንዱ ሲያነብ ሌላው ያመሳክራል። ስሕተት ቢገኝ የተፈጸመው በአንድ ተማሪ ረድፍ ላይ ስለሆነ የሚታረመውም በዚያው ረድፍ ነው። ስሌቱ የተሠራው በቃልም ይሁን በማስሊያ መሣሪያ፣ የተሠራበት መንገድ ለማንም መምህር የተሰወረ አልነበረም።

ኮምፒዩተር በደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ይህ ሥራ ወደ ኤክሴል ተሸጋግሯል። ሽግግሩ የመምህሩን ድካም እንደ ቀነሰለት የሚክድ የለም። ነገር ግን አብሮ የመጣ አንድ ለውጥ በቂ ትኩረት አላገኘም። ይኸውም ስሌቱ ከሰው ዓይን ፊት ተነሥቶ ከሴሎች ውስጥ የገባ መሆኑ ነው። መምህሩ በሺቱ ላይ የሚያየው ውጤቱን እንጂ ውጤቱን ያስገኘውን ቀመር አይደለም። ቀመሩ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያም ወደ ታች ተጎትቶ ለ50 ወይም ለ60 ተማሪ ይባዛል። እንግዲህ በቀመሩ ውስጥ አንዲት ምልክት ብትሳሳት ስሕተቱ የአንድ ተማሪ መሆኑ ይቀርና የክፍሉ ሁሉ ይሆናል። የኋላ ኋላም በፍላሽ ዲስክ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይሻገራል።

ቀመሩን የሚያሳየው ዋና ሥፍራ አንድ ነው፤ ፎርሙላ ባር የሚባለው፣ ከሺቱ ራስጌ የተዘረጋው ጠባብ መስመር። የዚህ ጽሑፍ ትችት የሚያተኩረው በዚህች መስመር ላይ ነው። አጭር ቀመር ሲሆን መስመሯ ትበቃለች። ቀመሩ ሲረዝም ግን ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ቀመሩ ተዘርግቶ ሺቱን ይሸፍናል፣ ወይ ሺቱ ሳይሸፈን ቀመሩ ይቆረጣል። ይህ የፕሮግራም ሠሪዎች ጉዳይ እንጂ የትምህርት ባለሙያ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር፣ በሰኔ ወር በአንድ ክፍል የተማሪዎች ውጤት ላይ ክርክር ሲነሣ ማን ምን ከፍቶ እንደሚያይ ቢያስብ በቂ ነው።

የጉዳዩ ታሪክ ከኤክሴል ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ሲያወጡ፣ ጠቋሚው የቆመበት ሴል ይዘት በስክሪኑ ራስጌ በአንድ መስመር እንዲታይ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 ለዚሁ ዓይነት አገልግሎት ሦስት መስመሮችን ከላይ መደበ። በዚያ ዘመን ስክሪኑ ጠባብ፣ ቀመሩም አጭር ነበርና አሠራሩ አይነቀፍም። እ.ኤ.አ. በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ለዊንዶውስ የወጣው ኤክሴልም ይህንኑ ወረሰ። የቀመሩ ርዝመት እያደገ ሲሄድ ግን የሚነበብበት ሥፍራ አብሮት አላደገም።

እስከ 2003 እትም ድረስ በኤክሴል አንድ ቀመር እስከ 1,024 ፊደልና ምልክት ሊይዝ ይችል ነበር። ጠቋሚው እንዲህ ያለ ሴል ላይ ሲያርፍ ፎርሙላ ባሩ ወደ ታች ተዘርግቶ የዓምዶቹን መለያ ፊደላትና የሺቱን የላይኛ ረድፎች ይሸፍናል። ነገሩ ለተራ ተመልካች ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የቀመሩ አንባቢ የሚፈልገው በትክክል የተሸፈነውን ነው። ቀመሩ «ዓምድ ኤፍን በ0.2 አባዛ» ቢል ዓምድ ኤፍ የፈተና ይሁን የቤት ሥራ ማወቅ የሚቻለው በራስጌው ላይ የተጻፈውን ርእስ በማንበብ ነው። ርእሱ ደግሞ ከፎርሙላ ባሩ ሥር ተደፍቷል። በባቲ የሰኞ ገበያ አንድ ሸማች ሚዛኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ኪሎው በቃል ቢነገረው ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም፤ በዚያ እትም ሲሠራ የኖረው መምህር ግን ይህንኑ ሲቀበል ቆይቷል።

በ2007 እትም አንድ ማሻሻያ ተደረገ። ፎርሙላ ባሩ በራሱ መዘርጋቱን ተወ። ተጠቃሚው የታችኛውን ጠርዝ በማውስ ይዞ ሲጎትተው፣ ወይም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን ይሰፋል፤ ሲሰፋም ሺቱን ከመሸፈን ይልቅ ወደ ታች ይገፋዋል። ያው የቁልፍ አሠራር መልሶ ያጠበዋል። ይህ በጎ ለውጥ ነበር። ሆኖም በዚያው እትም የቀመሩ ጣሪያ ከ1,024 ወደ 8,192፣ አንዱን ተግባር በሌላው ውስጥ የማስገባት ወሰንም ከ7 እርከን ወደ 64 ከፍ አለ። በአንድ እጅ መጋረጃው ተገለጠ፤ በሌላው እጅ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ጓዳ ስምንት እጥፍ ሰፋ።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ባሩ ካልተሰፋ በስተቀር የሚያሳየው አንድ መስመር ብቻ መሆኑ ነው። በቀድሞው እትም ረጅሙ ቀመር ሺቱን እየደፈነም ቢሆን መምህሩን «ረጅም ነኝ፣ ተመልከተኝ» ይለው ነበር። ከ2007 ወዲህ ሺቱ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ የቀመሩ መጀመሪያም ይታያል፤ ከስክሪኑ የቀኝ ጠርዝ ያለፈው ግን የለም ያህል ነው። የቀመር ስሕተት ደግሞ በመጨረሻው ግማሽ ሊገኝ ይችላል፤ ጸሐፊው የደከመው፣ ቅንፎቹም የተደራረቡት እዚያ ነውና።

በሥራ ላይ ያለ ምሳሌ ማየቱ ይጠቅማል። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚሠራበት የፊደል ውጤት 12 እርከን አለው። ወሰኖቹም ከታች ወደ ላይ 0፣ 30፣ 40፣ 45፣ 50፣ 60፣ 65፣ 70፣ 75፣ 80፣ 85 እና 90 ናቸው። ይህን ኢፍ በተባለው ተግባር ለመጻፍ 11 ኢፍ አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። በ2003 እትም ይህ ፈጽሞ አይቻልም ነበር፤ ወሰኑ 7 እርከን ስለሆነ ከ8 ኢፍ በላይ አይገባምና። መምህሩ ሳይወድ በግድ ሌላ ዘዴ ይፈልግ ነበር። ከ2007 ወዲህ ግን ይቻላል፤ ስለ ተቻለም ተለመደ።

የመጨረሻው ድምር በራሱ ዓምድ ላይ አስቀድሞ ከተሠራ የ11 ኢፍ ቀመር 176 ፊደልና ምልክት ይሆናል። አያሌ ሰዎች ግን ዓምድ ለመቆጠብ ሲሉ የሦስቱን ምዘናዎች ድርሻ መደመርና ማጠጋጋት በዚያው ቀመር ውስጥ ይከቱታል። ያን ጊዜ ያው ስሌት 11 ጊዜ ይደጋገማል፤ ቀመሩም 473 ፊደልና ምልክት ይደርሳል። በተራ ላፕቶፕ ስክሪን ላይ ይህ በአንድ መስመር አይታይም። አሁን የ85 ወሰን ላይ «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» በሚለው ምልክት ፈንታ «ይበልጣል» የሚለው ብቻ ተጽፏል እንበል። በትክክል 85 ያገኘው ተማሪ ኤ በማግኘት ፈንታ ኤ ማይነስ ያገኛል፤ ነጥቡም ከ4.0 ወደ 3.75 ይወርዳል። 86 ያገኘውና 84 ያገኘው አንዳች አይነካቸውም። እንዲህ ያለውን ጉድለት ሺቱን በማየት ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ መገኘት የሚችለው ቀመሩን ከዳር እስከ ዳር በማንበብ ነው። ከ473 ምልክት የጎደለችው አንዲት የእኩል ምልክት ናት።

ያው ሥራ በሌላ መንገድ ሲሠራ የሚታየው ልዩነት አስተማሪ ነው። 12ቱ ወሰኖች በሺቱ ዳር በአንድ ዓምድ፣ ፊደሎቹ ከጎናቸው በሌላ ዓምድ ይጻፋሉ። ከዚያም ቪሉክአፕ የተባለው ተግባር ድምሩን ይዞ ከሠንጠረዡ ፊደሉን ያመጣል። ይህ ቀመር 30 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፤ ጠባቡን ባር እንኳ አይሞላም። ከሁሉም በላይ ወሰኖቹ በአደባባይ ይታያሉ። የሒሳብ መምህር ያልሆነ፣ የኮምፒዩተር ሥልጠና ያልወሰደ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሠንጠረዡን በጣቱ እየተከተለ 85 ምን እንደሚያስገኝ ማረጋገጥ ይችላል። ሺቱን ሳይሸፍኑ ረጅም ቀመር ማየት እንዴት ይቻላል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ስለ ስክሪኑ ሳይሆን ስለ ቀመሩ ርዝመት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሥልጠና ላይ የሚታየው አዝማሚያ ግን ከዚህ ይቃረናል። የኮምፒዩተር ሥልጠና ሲሰጥ ኢፍን በኢፍ ውስጥ አሥር ጊዜ ማስገባት የችሎታ ማሳያ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሠልጣኙም ሥራውን በአንድ ሴል ካልጨረሰ ያልሠለጠነ ይመስለዋል። ማንም መምህር ተማሪው የሒሳብ ጥያቄ ሲመልስ የአሠራሩን ደረጃዎች ዘሎ መልሱን ብቻ ቢያሰፍር ሙሉ ነጥብ አይሰጠውም። ለተማሪው የከለከለውን ለራሱ የሚፈቅድበት ምክንያት አልተገኘም። ድምሩን በአንድ ዓምድ፣ አማካዩን በቀጣዩ፣ ውሳኔውን በሌላው ማስፈር ሺቱን ያሰፋ ይሆናል፤ ሆኖም ከ2007 ወዲህ አንድ ሺት 16,384 ዓምድ አለው፤ የዓምድ እጥረት ለማንም ሰበብ ሊሆን አይችልም።

የከሚሴ ከተማና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ሁኔታ ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል። በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በባቲና በደዋ ሐረዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። ስለዚህ የአንድ ተማሪ ስም በክፍል መዝገብ በቁቤ፣ በሌላ ቅጽ በግእዝ ፊደል ሊገኝ ይችላል። ሁለት ፋይሎችን በተማሪ ስም ለማገናኘት የሚሞክር ባለሙያ ቀመሩ በየረድፉ ስሕተት እንደሚያመጣበት ወዲያው ይገነዘባል። በቁቤ አንድ አናባቢ መደጋገሙና አለመደጋገሙ ለኮምፒዩተር ሁለት ስም ነው። በአማርኛም ቢሆን ሐሰንና ሀሰን፣ ዓለሙና አለሙ ለሰው ጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር የተለያዩ ናቸው።

እንግዲህ ባለሙያው ምን ያደርጋል? ትርፍ ክፍት ቦታን የሚያስወግድ ተግባር ይጨምራል፤ አንዱን ፊደል በሌላው የሚተካ ሌላ ተግባር በዚያ ላይ ይጨምራል፤ ያም ሳይበቃው መላውን ቀመር በ2007 እትም በመጣው ኢፍኤረር ይጠቀልለዋል። ኢፍኤረር ስሕተት ሲገኝ የስሕተቱን ምልክት ደብቆ ባዶ ወይም ዜሮ ያሳያል። ቀመሩ ሦስት እጥፍ ረዘመ፤ ሺቱም ጸዳ። የጸዳው ግን ስሕተቱ ስለ ጠፋ ሳይሆን ስለ ተሸፈነ ነው። የዚህ ዓይነቱ ቀመር ፍጻሜ፣ ማለትም «ካልተገኘ ዜሮ አድርግ» የሚለው ትእዛዝ፣ በባሩ የቀኝ ጠርዝ በኩል ከማይታየው ክፍል ይገኛል። ስሟ በሁለት ዓይነት የተጻፈባት ልጅ ዜሮ ታገኛለች፤ ዜሮው ከየት እንደ መጣ የሚነግራት ግን የለም። መፍትሔው ቀመር ማራዘም ሳይሆን ተማሪን በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ማገናኘት ነው። ቁጥር በቁቤም በግእዝም አይለዋወጥም።

የደረጃ አወጣጡ ቀመርም እንዲሁ ይመረመር። ራንክ የተባለው ተግባር የአንድን ተማሪ አማካይ ከክፍሉ አማካዮች ጋር ያወዳድራል። የክፍሉ ወሰን ከረድፍ 7 እስከ ረድፍ 56 ነው ቢባል፣ በወሰኑ ላይ የዶላር ምልክት ካልተደረገ ቀመሩ ወደ ታች ሲጎተት ወሰኑም አብሮ ይንሸራተታል። ለመጀመሪያው ተማሪ ውድድሩ ከ50 ጋር ነው፤ ለመጨረሻው ግን ከረድፍ 56 እስከ 105 ይሆናል፤ እዚያ ከእሱ በቀር ማንም ስለሌለ አንደኛ ይወጣል። በፊደል ተራ ሲደረደሩ በአማርኛ ዝርዝር ፋጡማ፣ በቁቤ ዝርዝር ዘሃራ ያለ ጥረት የምትሸለምበት ክፍል ይኖራል ማለት ነው። ራንክ ለብቻው ሲጻፍ ጉድለቱ በቀላሉ ይታያል። ነገር ግን የወደቀበት ትምህርት ላለው ተማሪ ደረጃ እንዳይወጣ በሚል የቆጠራና የኢፍ ተግባር ከፊቱ ሲጨመር፣ የዶላር ምልክት የጎደለበት ክፍል ወደ ቀኝ ተገፍቶ ከዓይን ይሰወራል።

አማካይን የሚመለከተው ከስሌት አልፎ የመመሪያ ጥያቄ ይሆናል። በ8 ትምህርት የሚፈተን አንድ ተማሪ በሰባቱ 62 አግኝቶ ስምንተኛውን በሕመም ሳይፈተን ቀረ እንበል። አቬሬጅ የተባለው ተግባር ባዶ ሴልን ስለማይቆጥር አማካዩን 62 ያደርገዋል። ድምሩን ለ8 የሚያካፍል ቀመር ግን 54.25 ያወጣለታል። ከሁለቱ የትኛው ይገባል፣ ወይስ ውጤቱ እስኪፈተን ድረስ ይያዝ? ይህን መወሰን የትምህርት ቤቱ ሥልጣን ነው። ቀመሩ የማይነበብ ከሆነ ግን ውሳኔውን የሰጠው ምናልባት ከሦስት ዓመት በፊት ፋይሉን አዘጋጅቶ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ ሰው ነው።

በወረዳ ደረጃ ሌላ የርዝመት ምንጭ አለ። የየትምህርት ቤቱን ፋይል ወደ አንድ ማጠቃለያ የሚያገናኝ ቀመር፣ ምንጩ ፋይል ሲዘጋ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ይሸከማል፤ የዲስኩን ፊደል፣ የማኅደሮቹን ስም በቅደም ተከተል፣ የፋይሉን ስም፣ የሺቱን ስም፣ በመጨረሻም ሴሉን። አሥር ትምህርት ቤቶችን የሚደምር ቀመር አሥር እንዲህ ያሉ አድራሻዎችን ይደረድራል። እዚህ ላይ ቀመሩ የሚረዝመው በሐሳቡ ሳይሆን በጓዙ ነው። ሁሉንም ምንጭ ፋይሎች ከፍቶ ማንበብ አድራሻውን ስለሚያሳጥር ይረዳል። የተሻለው ግን ለየትምህርት ቤቱ አንድ ረድፍ ሰጥቶ፣ መጀመሪያ አሥሩን ቁጥሮች ማምጣት፣ ከዚያ በአጭር ቀመር መደመር ነው። የቀረው ትምህርት ቤት ካለ ያን ጊዜ ባዶ ረድፍ ሆኖ ይታያል።

ይህ ሥጋት የትንንሽ ጽሕፈት ቤቶች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለ መንግሥታት ዕዳ ያወጡት ጥናት በአያሌ አገሮች ክርክር ሲጠቀስ ቆይቶ፣ በ2013 ቶማስ ኸርንዶን የተባለ ተማሪ ከሁለት መምህራኑ ጋር የኤክሴል ፋይሉን ሲመረምር አማካዩን ያወጣው ቀመር ከ20 አገሮች 5ቱን ሳያካትት መቅረቱ ተገኘ። የወሰኑ መጨረሻ ረድፍ 49 መሆን ሲገባው 44 ተብሎ ነበር። ኸርንዶን ያገኘው ፋይሉን ስለ ተሰጠውና ቀመሩን ስላነበበ ነው። በ2020 ደግሞ በእንግሊዝ ወደ 16,000 የሚጠጋ የኮቪድ ሕሙማን መረጃ የአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው የማንበብ፣ ሁለተኛው የመያዣ ጉዳይ ቢሆንም፣ በሁለቱም የጎደለው ከዓይን ውጭ ነበረ።

ቀመሩን ማሳጠር በማይቻልበት ጊዜ፣ ወይም የሌላ ሰው ፋይል ለምርመራ ሲቀርብ፣ ሺቱን ሳይጋርዱ የማንበቢያ መንገዶች አሉ። ሁሉም እኩል ዋጋ የላቸውም። የመጀመሪያውና ለሁሉም የሚስማማው ቀመሩን ራሱን በመስመር መከፋፈል ነው። ፎርሙላ ባሩን አስፍቶ፣ በየኢፉ መጀመሪያ ላይ ኦልትና ኢንተር ሲጫኑ ቀመሩ እንደ ግጥም ስንኝ በየመስመሩ ይደረደራል፤ በስሌቱ ላይም ለውጥ አያመጣም። 11 ኢፍ በ11 መስመር ሲወርድ ወሰኖቹ አንዱ በሌላው ሥር ስለሚሰለፉ የጎደለችው የእኩል ምልክት ዓይንን ትወጋለች። ከባሩ ግራ ያለውን የስም ሣጥን ጠርዝ ወደ ግራ መግፋትም ለመስመሩ ስፋት ይጨምራል። በትንሽ ስክሪን ላይ ኮንትሮልና ኤፍ1 ተጭኖ ሪበኑን ማጠፍ ባሩ የወሰደውን ቦታ ለሺቱ ይመልሳል።

ኤፍ2 የተባለው ቁልፍ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ሲሆን አንድ ጉድለት አለው። ቀመሩን በሴሉ ላይ ስለሚዘረጋ አጎራባች ሴሎችን ይሸፍናል፤ የቀድሞው በሽታ በሌላ ሥፍራ ተመልሶ ይመጣል። በፕሮግራሙ የአማራጮች ገጽ፣ አድቫንስድ በሚለው ክፍል «በሴል ላይ በቀጥታ ማረም» የሚለው ምልክት ቢነሣ ኤፍ2 ጠቋሚውን ወደ ፎርሙላ ባሩ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ቀመሩ ከላይ ይነበባል፤ ሺቱም ከሥር ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ኤክሴልም በቀመሩ የተጠቀሱትን ወሰኖች በየቀለማቸው ይከብባል። ሰማያዊው ሣጥን ከ56ኛው ረድፍ ማለፍ አለማለፉን ማንም ማየት ይችላል። ሺቱ መሸፈን የሌለበት ስለ ውበት ሳይሆን ስለዚህ ነው፤ ቀለሙ የሚታየው ሺቱ ሲታይ ብቻ ነውና።

ከ2013 እትም ወዲህ ፎርሙላቴክስት የተባለ ተግባር አለ። በሌላ ሺት ላይ ተጽፎ የአንድን ሴል ቀመር እንደ ጽሑፍ ያቀርባል። «የቀመር መግለጫ» የሚል አንድ ሺት ተከፍቶ ዋና ዋናዎቹ ቀመሮች በዚህ ዘዴ ቢሰፍሩ፣ ከጎናቸውም በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ምን እንደሚሠሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ ለርእሰ መምህሩም ለሱፐርቫይዘሩም የሚነበብ ሰነድ ይሆናል። ታትሞም ከሮስተሩ ጋር ሊያያዝ ይችላል። በአሮጌ እትም ሲከፈት ግን የስም ስሕተት ያሳያል። ሌት የተባለውና ለስሌት ክፍሎች ስም ለመስጠት የሚያገለግለው አዲስ ተግባርም ከ2021 ወዲህ በወጡ እትሞችና በማይክሮሶፍት 365 ብቻ ስለሚሠራ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ የተለያየ እትም በሚገኝበት ሁኔታ ለጋራ ፋይል አይመከርም። ኒው ዊንዶው በሚለው ትእዛዝ ያንኑ ፋይል በሁለት መስኮት መክፈት በመጻሕፍት ይወደሳል፤ ይሁንና ከ2013 ወዲህ እያንዳንዱ መስኮት የየራሱን ሪበን ስለሚይዝ በ14 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ከሺቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከቀመሩ አንዱን ክፍል መርጦ ኤፍ9 መጫን የዚያን ክፍል ውጤት ወዲያው ያሳያል፤ ለመርማሪ ታላቅ እገዛ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እስኬፕ መጫን የግድ ነው። በስሕተት ኢንተር ከተጫነ የተመረጠው ክፍል በቁጥር ተተክቶ ይቀራል፤ ለዚያ ተማሪ ቀመሩ ከዚያ በኋላ ስሌት መሥራቱን ያቆማል። ስለዚህ ምርመራ ሁልጊዜ በፋይሉ ቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ላይ መደረግ የለበትም።

በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ከሚሴን አልፎ ወደ ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜ በክልሉ አያሌ ትምህርት ቤቶች ንብረታቸውንና መዝገባቸውን እንዳጡ ይታወሳል። ወረቀቱ በጠፋበት ሥፍራ በአንድ መምህር ፍላሽ ዲስክ የተረፈ ፋይል ብቸኛ ምስክር ይሆናል። ምስክሩ የሚናገረውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው መጠየቅ የሚቻለው ቀመሩ የሚነበብ ሲሆን ነው።

ከዚህ አኳያ ከሁሉም የሚከፋው ልማድ አልተጠቀሰም። ለመምህራን የሚሠራጩ አንዳንድ የውጤት ማጠናቀሪያ ፋይሎች በይለፍ ቃል ተቆልፈው፣ ቀመራቸውም ተሸሽጎ ይመጣሉ። መምህሩ ሴሉን ሲነካ ፎርሙላ ባሩ ባዶ ነው፤ ሊያሰፋውም ሊያጠበውም ምክንያት የለውም። አዘጋጆቹ ቀመሩ በስሕተት እንዳይበላሽ ነው ይላሉ። ምክንያቱ ለመቆለፍ በቂ ነው፤ ለመሸሸግ ግን አይደለም። ሁለቱ ተግባሮች የተለያዩ ናቸውና፣ አንዱን ለመፈጸም ሌላው አያስፈልግም። በሴል ቅርጽ ማስተካከያው ውስጥ ፕሮቴክሽን በሚለው ገጽ ሁለት ምልክት ማድረጊያ ሣጥኖች አሉ። ከላይ ያለው ሎክድ፣ ከሥሩ ያለው ሂድን ይባላል። የላይኛው ብቻ ምልክት ተደርጎበት ሺቱ ሲቆለፍ ቀመሩን መለወጥ አይቻልም፤ ማንበብ ግን ይቻላል።